ዱባና ቅል፦ ጣፋጩ የዱባ ጥብስ ከየት መጣ?

 

በአገራችን «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚል የቆየ ተረት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ዱባና ቅል በአንድ ጓሮ ይተከላሉ፤ ሐረጋቸው በአንድ አጥር ላይ ይሳባል፤ ቅጠላቸውም ይመሳሰላል። ሩቅ ቆሞ ላየ ሰው አንድ ተክል ይመስሉታል። ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ግን የዱባ አበባ ቢጫ ሆኖ በማለዳ ይፈካል፤ የቅል አበባ ደግሞ ነጭ ሆኖ አመሻሹ ላይ ይከፈታል። አንዱ ለድስት፣ ሌላው ለዕቃ ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለ ዱባ ታሪክ ነውና ይህን ተረት በልባችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ለዚህ ንግግር ምክንያት የሆኑኝ እዚሁ ሐዴራ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። እኒህ እናት ለሮሽ ሃሻና በዓል ወንድ ልጃቸው ቤት ተጋበዙ። ምራታቸው ከሞሮኮ ከመጣ ቤተሰብ የተወለደች ናት። በገበታው ላይ ከሥጋው ጎን አንድ ትሪ ዱባ ቀረበ። ዱባው እንደ ጨረቃ ተቆራርጦ፣ ዘይትና ማር ተቀብቶ፣ ቀረፋ ተነስንሶበት፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ተጠብሶ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል። «እማማ፣ ይቅመሱ እንጂ» አለቻቸው ምራታቸው። እሳቸውም ቀመሱና ዝም አሉ። በኋላ ሲያጫውቱኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ለእኔ ዱባ ማለት በበርበሬ የሚሠራ ወጥ ነው። ይኼ ጣፋጭ ነገር የማን ምግብ ነው? የእኛ ነው ወይስ የነሱ? ደግሞስ እኔ ስኳር ያለብኝ ሰው ነኝ፤ ልብላው ወይስ ልተወው?»

የእኒህ እናት ጥያቄ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የታሪክ ነው፤ ሁለተኛው የጤና ነው። እኔ ግን ነገሩን ሳገላብጠው የመጀመሪያውን በደንብ የመለሰ ሰው ለሁለተኛውም መልስ እንደሚያገኝ ተረድቻለሁ። እስቲ አብረን እንየው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

መጀመሪያ ከቤታችን እንነሣ። በጎንደር ገጠር ዱባ የጓሮ ተክል ነው። ዝናብ ሲጀምር ፍግ በተደፋበት ቦታ ይተከላል። ክረምቱን ሙሉ ሐረጉ ይስፋፋል፤ መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ ፍሬው ይደርሳል። ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ በርበሬው ይጨመራል፣ ዱባው ተልጦና ተከትፎ ይገባል፣ ወጥ ሆኖ በእንጀራ ይበላል። ለልጆች ደግሞ እንዲሁ ተቀቅሎ ይሰጣቸዋል። ፍሬውም አይጣልም፤ ተቆልቶ ይቆረጠማል፣ ለኮሶ ትልም መድኃኒት ነው ይባላል። በቤታችን ሦስት ጉልቻ፣ ድስትና ምጣድ እንጂ የዳቦ ቤት ዓይነት ምድጃ ስላልነበረ ዱባን በምድጃ ጠብሶ ማቅረብ ልማዳችን አልነበረም።

ዱባን በስኳር መሥራትም እንደዚሁ አይታወቅም ነበር። ስኳር ራሱ ከየት ተገኝቶ! በኢትዮጵያ በትልቅ ፋብሪካ ስኳር መመረት የጀመረው ወንጂ ላይ በ1954 ነው። በገጠር ያለ ሰው ጣፋጭ ሲያምረው ማር ነበረ፤ ማሩም ቢሆን አብዛኛው ለጠጅ ይውል ነበር። ስለዚህ የልጅነታችን ጣፋጭ ከሚባሉት ነገሮች አንዱ ያ ቅቅል ዱባ ነበር ማለት ይቻላል። ምንም አይጨመርበትም፤ ጣዕሙ የራሱ ነበር።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ልናገር። ዱባ ከጥንት ጀምሮ የኢትዮጵያ ተክል አይደለም። የኤውሮፓም፣ የእስያም፣ የእስራኤልም አይደለም። ትውልዱ አሜሪካ ነው። በደቡብ ሜክሲኮ ኦሃካ በተባለው አገር በአንድ ዋሻ ውስጥ በቁፋሮ የተገኙ የዱባ ፍሬዎች 10,000 ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳላቸው ሊቃውንት አረጋግጠዋል። ይህም ማለት በዚያ አገር ሰዎች ዱባን ያለሙት በቆሎን ከማልማታቸው በፊት ነው። ኮሎምቦስ በ1492 ባሕሩን ተሻግሮ አሜሪካን እስኪያገኝ ድረስ ግን ከባሕር ወዲህ ያለ ሰው ዱባን በዓይኑ አላየም ነበር።

በርበሬም እንደዚሁ የአሜሪካ ተክል ነው። እንግዲህ አስቡት፤ «የእናቶቻችን ምግብ» ብለን የምንኮራበት የዱባ ወጥ፣ ዱባውም በርበሬውም ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። በቆሎም ከዚያው ነው፤ በአንዳንድ አገር «የባሕር ማሽላ» መባሉ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ሕዝቡ ያስታውስ እንደነበር ያሳያል። ድንች ደግሞ ከሁሉም ዘግይቶ በ1858 ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ አማካይነት ኢትዮጵያ እንደገባ ይነገራል።

በ16ኛው መቶ ዘመን የፖርቱጋል መርከቦች በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር ይመላለሱ ነበር። በ1541 የክሪስቶቮ ዳ ጋማ ወታደሮች ምጽዋ ወርደዋል። የዐረብና የሕንድ ነጋዴዎችም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በዚያው መንገድ ነበሩ። የአሜሪካ አዝርዕት በዓለም የተሰራጩት እንዲህ ባሉ የባሕርና የቅፍለት መንገዶች ነው። አንዱ ዘር በነጋዴ ስልቻ፣ አንዱ በመርከበኛ ኪስ ይጓዛል። ገበሬው ይቀበለዋል፣ ይሞክረዋል፣ ካፈራለት ያቆየዋል። ከጥቂት ትውልድ በኋላ የልጅ ልጆቹ «ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው» ይላሉ። ሐሰት አይደለም፤ በእውነት ከአያታቸው ወርሰውታል።

ታዲያ አዲስ ነገር ሲመጣ ስም ያስፈልገዋል። ሰው ደግሞ አዲስ ስም ከመፍጠር ይልቅ አሮጌውን ስም ማዋስ ይቀለዋል። ዱባ የሚለው የእኛ ቃል ከዐረብኛው «ዱባእ» ጋር ይቀራረባል። ዐረቦች ግን በዚህ ቃል የአሜሪካው ዱባ ከመምጣቱ ብዙ መቶ ዓመት በፊት የሚበላ የቅል ዓይነት ይጠሩበት ነበር። በዕብራይስጡም እንዲሁ ነው። «ድላአት» የሚለው ቃል በ200 ዓመተ ምሕረት አካባቢ በተጠናቀረው በሚሽና ውስጥ ይገኛል። ያን ጊዜ ግን የዛሬው ዱባ በምድራችን አልነበረም፤ ቃሉም የሚያመለክተው የቅልን ዘመድ ነበር።

የሮሽ ሃሻናው ትሪም ታሪኩ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን በባቢሎን የኖረው አባዬ የተባለው ሊቅ በአዲስ ዓመት በገበታ ላይ እንዲገኙ የሚገባቸውን አምስት ነገሮች እንደዘረዘረ በታልሙድ ተጽፏል፤ የመጀመሪያው «ቃራ» ይባላል። ቃራ ቅል ነው። ቃሉ በዕብራይስጥ «መቅደድ» ከሚለው ግሥ ጋር በድምፅ ስለሚመሳሰል «ክፉ ፍርዳችን ይቀደድልን» ተብሎ ይጸለይበታል። ከ1492 በኋላ የአሜሪካው ዱባ በሜዲቴራኒያን ባሕር ዙሪያ ሲስፋፋ የቅሉን ቦታ በገበታው ላይ ወሰደ። ይህ ዓመት የሚያስገርም ዓመት ነው፤ ኮሎምቦስ የሄደበት ዓመት አይሁድ ከእስፓኝ የተባረሩበትም ዓመት ነው። የተባረሩት ሰዎች ወደ ሞሮኮ፣ ወደ ኢጣሊያና ወደ ቱርክ ግዛት ተበተኑ። እነሱም ስደተኞች፣ ዱባውም ስደተኛ ሆነው በአንድ ዘመን በአንድ ገበያ ተገናኙ ማለት ነው። ሞሮኮዎች ዱባን ከኩስኩስ ጋር በቀረፋ፣ በዘቢብና በተቁላላ ሽንኩርት አጣፈጡት። ቱርኮችም ዱባን በስኳር አብስለው ለውዝ የሚመስለውን ዋልነት ነስንሰው ይበሉታል።

እኛ ቤተ እስራኤል ታልሙድ በእጃችን ስላልነበረ ይህን የቃራ ሥርዓት አናውቀውም ነበር። አዲሱን ዓመት የምናከብረው «ብርሃን ሠረቀ» ብለን ነው። ስለዚህ በሙሴ ዘመቻ በ1984ና በ1985፣ ቀጥሎም በሰሎሞን ዘመቻ በሜይ 1991 ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ሲገባ፣ ብዙዎቻችን የበዓል ዱባ ከማርና ከቀረፋ ጋር ያየነው ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ነው። ያች እናት ዝም ያሉት በዚህ ምክንያት ነበር።

ከሥጋ ጎን የሚቀርበው በምድጃ የተጠበሰ ጣፋጭ ዱባ ደግሞ ሌላም መንገድ አለው። በሰሜን አሜሪካ የአገሩ ጥንታዊ ነዋሪዎች ዱባን በእሳትና በረመጥ ይጠብሱ ነበር። በ1643 ሮጀር ዊሊያምስ የተባለ እንግሊዛዊ ስለ ቋንቋቸው በጻፈው መጽሐፍ የዱባውን ስም ከነሱ አፍ ሰምቶ መዝግቧል፤ ጣፋጭና ቀላል ምግብ መሆኑንም ጠቅሷል። በ1796 አሚሊያ ሲመንስ ያሳተመችው የአሜሪካ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ለክረምት የሚቀመጠውን ዱባ በስኳር የመሥራት ዘዴ ይዟል። ቆይቶም ዱባን በቅቤና በስኳር ጠብሶ ከሥጋ ጎን ማቅረብ የአሜሪካኖች የበዓል ልማድ ሆነ። ዛሬ በሹክ «ድሎሪት» እየተባለ የሚሸጠው፣ አንገቱ ረጅም፣ ቆዳው የሰሊጥ መልክ ያለው ዱባ ደግሞ በ1940ዎቹ በማሳቹሴትስ ቻርልስ ሌጌት በተባለ ሰው የተገኘ ዝርያ ነው። ዕድሜው ከብዙዎቻችን አባቶች ዕድሜ ያነሰ ነው።

እንግዲህ ወደ ተረቱ እንመለስ። ዱባ አሜሪካዊ ከሆነ ቅልስ? ቅል ትውልዱ አፍሪካ ነው። መናጫውና አንኮላው ሁሉ የሚሠራበት ይህ ተክል ከእኛው አህጉር የበቀለ ነው። ይሁን እንጂ በአሜሪካም ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት፣ ኮሎምቦስ ሳይታሰብ፣ የቅል ስብርባሪ ተገኝቷል። ማን ወሰደው? በ2014 የታተመ የዘር ምርመራ እንዳመለከተው ቅሉ ከአፍሪካ ጠረፍ ተነሥቶ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ራሱ ተንሳፎ ሳይሻገር አልቀረም፤ ቅል ውሃ አያሰጥመውምና። እንግዲህ ቅል ከእኛ ወደ እነሱ፣ ዱባ ከእነሱ ወደ እኛ ሄዱ። አባቶቻችን «አበቃቀሉ ለየቅል» ሲሉ በጓሮው ያዩትን ተናገሩ እንጂ ይህን ሁሉ አላወቁም ነበር፤ ተረቱ ግን ካሰቡት በላይ እውነት ሆኖ ተገኘ።

የምንኖርበት ከተማም ቢሆን ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። ሐዴራ በ1891 ከሩሲያ ግዛት በመጡ አይሁድ ተቆረቆረች። ስሟ «አረንጓዴ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው፤ አረንጓዴ ያደረጋት ግን ረግረግ ነበር። ከረግረጉ የወባ ትንኝ ወጣ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብዙዎቹ በወባ አለቁ። ረግረጉ እንዲደርቅ ቦይ ተቆፈረ፤ ከአውስትራሊያ የመጣ ባሕር ዛፍም ተተከለ። በዚያው ዘመን አካባቢ በአዲስ አበባም በዐፄ ምኒልክ ጊዜ ባሕር ዛፍ ይተከል እንደነበር አስታውሱ። ወባን በዚህ አካባቢ ከታገሉት ሐኪሞች አንዱ ዶክተር ሂሌል ያፌ ነበሩ፤ በ1957 የተከፈተው የከተማችን ሆስፒታል በስማቸው ይጠራል። የዚያ ዘመን ሰፋሪ ጠላቱ ወባ ነበረ። የእኛ ዘመን ስደተኛ ጠላት ደግሞ ሌላ ነው፤ ወደ እሱ ልሂድ።

በገጠር እያለን የስኳር በሽታ ብዙም አይታወቅም ነበር። የምንበላው ጤፍ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሽምብራና ባቄላ ነው፤ መንገዱ ሁሉ በእግር ነው። እዚህ ስንደርስ ጤፍ በማይገኝበት ጊዜ እንጀራው በነጭ የስንዴ ዱቄት ተጋገረ። ለሻይና ለቡናው ስኳር እንደ ልብ ሆነ፤ ለልጆች ጣፋጭ መጠጥ በየቀኑ ገበታ ላይ ወጣ፤ እግራችንም አውቶቡስ ለመደ። ገና በ1988 ወደ እስራኤል በገቡ ወጣት ኢትዮጵያውያን ዘንድ የስኳር በሽታ በብዛት መታየቱን የሚገልጽ ጥናት በሕክምና መጽሔት ታተመ። በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የእኛ ሰው ከሌላው ሕዝብ ባነሰ ውፍረት፣ ቀጭን መስሎ እያለም፣ በዚህ በሽታ ሊያዝ እንደሚችል አሳይቷል። ስለዚህ «እኔ ወፍራም አይደለሁም» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ይህን ችግር ቀድመው ካዩት መካከል እዚሁ ሐዴራ በሂሌል ያፌ ሆስፒታል የሆርሞንና የስኳር በሽታ ሐኪም የነበሩት ዶክተር አናት ያፌ ይገኙበታል። በ1998 እሳቸውና ከማኅበረሰባችን የተውጣጡ ሰዎች «ጤነ ብሪዩት» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ስሙ በአማርኛው «ጤና»ን ያስታውሳል፤ «ብሪዩት» በዕብራይስጥ ያው ጤና ነው፤ «ጤነ» ደግሞ በዕብራይስጥ በኦሪት ዘዳግም የመጀመሪያው ፍሬ የሚቀርብበት ቅርጫት ነው። የማኅበሩ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ሰው በማያውቀው ቋንቋና በማያውቀው ምግብ ምሳሌ ጤናውን ሊማር አይችልም፤ በራሱ ቋንቋ፣ ከራሱ ገበታ ተነሥቶ ይማር የሚል ነው። እኔም ዛሬ በዱባ የጀመርኩት ከዚሁ ትምህርት ተነሥቼ ነው።

አሁን ለእናታችን ጥያቄ መልስ እንስጥ። ይህ ጣፋጭ ዱባ የማን ምግብ ነው? መልሱ፦ የማንም፣ የሁሉም ነው። ሜክሲኮ አለማው፣ መርከብ አመላለሰው፣ ሞሮኮ ቀረፋ ጨመረበት፣ ጎንደር በርበሬ ጨመረበት። ሁሉም በደረሰው ጊዜ እንደ አፉ ጣዕም አድርጎ የራሱ አደረገው። እኛም እዚህ እንደ ሌላው ሁሉ እንደ አፋችንና እንደ ጤናችን ልናደርገው መብታችን ነው። እንግዳ ነው ብሎ መሸሽም፣ ፈረንጅ የሚበላው ሁሉ ይሻላል ብሎ እንዳለ መቅዳትም አያስፈልግም።

ልብላው ወይስ ልተወው ለሚለው ደግሞ ዱባው ራሱ መልስ አለው። የክረምት ዱባ ተቆርጦ በደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ጥቂት ሳምንታት ሲቆይ በውስጡ ያለው ስታርች ቀስ በቀስ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ምድጃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ውሃው ይተናል፣ ጣዕሙ ይጠነክራል፣ ጠርዙም ይቡናማል። ጣፋጭነቱ ከራሱ ነው፤ ልክ እንደ ልጅነታችን ቅቅል። 100 ግራም ጥሬ ድሎሪት በጠቅላላው 12 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ሲኖረው አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ብቻውን 17 ግራም ያህል ስኳር አለው። እንግዲህ በትሪው ላይ ለእናታችን የሚያሰጋው ዱባው ሳይሆን የተቀባው ማር ነው።

ስለዚህ እንዲህ ይሠሩት። ዱባውን አጥበው፣ ፍሬውን አውጥተው፣ በጣት ውፍረት ይቁረጡት። ጥቂት ዘይት፣ ጨው፣ ከወደዱም ትንሽ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ይቀቡት። በ200 ዲግሪ በጋለ ምድጃ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፣ ሹካ እስኪገባውና ጠርዙ እስኪቀላ ይጠበስ። ማርም ስኳርም አይጨመር። ዱባም ቢሆን ካርቦሃይድሬት አለውና የእንጀራውን መጠን ቀነስ አድርገው ከጎኑ ጥቂት ቁራጭ ይብሉ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስለ መጠኑ በኩፓት ሆሊሙ ያለችውን የምግብ ባለሙያ ወይም ሐኪሙን ይጠይቅ፤ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ካለም ለመጠየቅ አይፈር።

«ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። እኛ ግን ጉልቻችን በኤሌክትሪክ ምድጃ ተቀይሮ ዱባችን ያለ ስኳር ሲጣፍጥ አየን። ያች እናት በሚቀጥለው ሮሽ ሃሻና ልጃቸው ቤት ሲሄዱ ባዶ እጃቸውን እንደማይሄዱ ነግረውኛል፤ አንድ ትሪ የራሳቸውን ዱባ፣ በበርበሬ የተጠበሰውን፣ ይዘው ሊሄዱ ነው። ምራታቸውም የራሷን ታቀርባለች። የልጅ ልጆቹ ከሁለቱም ይቀምሱ፤ የሁለቱንም ታሪክ ይስሙ።

ውድ አድማጮች፣ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን «ዱባ ከየት የመጣ ይመስላችኋል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ከመልሳቸው በኋላ የዱባንና የቅልን ታሪክ ንገሯቸው። በሚቀጥለው ዝግጅት እስክንገናኝ ጤናችሁን ይጠብቅልን፤ ቸር ሰንብቱ።